እራትህ ቀዘቀዘ

በየዓመቱ ኅዳር፣ ባሕሩ ሲጨልም፣
በሞርካም ዳርቻ ሰው የሚባል አይታይም፤
ያኔ ሆቴላችን ይሞላል በሌላ ዓለም ሕዝብ፣
በአሳንሰሩ በር ላይ፣ ባለ ሦስት ዓይን ቤተሰብ፣
ግንባሩን አረንጓዴ የቀባ የጥርስ ሐኪም
ሻይ ሲያዝ በትሕትና «ስኳር አልወስድም»።

እኔ ድምፅ ማጉያ ነው ሥራዬ፤
ሽቦ እጎትታለሁ፣ ቁልፍ እነካካለሁ ዝም ብዬ።
«የሩቅ ጠባቂዎች» ይሉታል። ስወለድ አልቆ ነበር፤
ጥቁርና ነጭ፤ መርከቧ የእንቁላል ካርቶን፣
ፀሐዩ የወጥ ቤት አምፖል፣ ጨረቃው የድስት ክዳን።
ጭራቁ ሲዞር ከጀርባው ዚፑ ይታያል፤
ዚፑ በታየ ቁጥር አዳራሹ ያጨበጭባል።

ኮማንደሩን የሠራው ሽማግሌ በምርኩዝ ይመጣል፣
ፊርማውን በአሥር ፓውንድ፣ ፈገግታውን በነፃ ይሰጣል።
አንዲት ልጅ ተነሥታ፦ «በሰባተኛው ክፍል ቀኝ እጅዎ ላይ የነበረ ጓንት
በስምንተኛው ግራ እጅዎ ላይ ምን አመጣው?»
«የኔ ልጅ፣ ብርድ ነበር» ይላታል፤ ሳቅ ይወስደዋል ሰው።

ቅዳሜ ማታ ግን፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
ይጠፋል መብራት።
ክፍል አሥራ አንድ የለም። ቴፕ ውድ ነበር፤ ጣቢያው አጠፋው፣
ፈረስ እሽቅድምድም ቀዳበት፤
የትኛው ፈረስ እንዳሸነፈ እንኳ የለም የሚያስታውሰው።
የተረፈው ድምፅ ነው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ
ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ፣ ማይክ ደግኖ በእጅ፣
ትንፋሹን ውጦ የቀዳው።

ይንሿሿል፣ እንደ ሩቅ ዝናብ።
ኮማንደሩ ይላል፦ «በሩ ተዘጋ፤ መመለሻም የለ፤
የቀረን አየር ለአንድ ሰው ነው። እሱም የሚገባው…»
ሙዚቃው ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሊፈነዳ ነው፣
ያን ጊዜ፣ ከኮከብ ሳይሆን ከወጥ ቤት፣
በሩ ገርበብ ካለበት፣
የሴት ድምፅ፦
«ራልፍ! እራትህ ቀዘቀዘ!»

ሦስት መቶ ሰው አብሯት ይጮኻል በአንድ አፍ፤
ባለ ሦስት ዓይኑ፣ ባለ ጎማው ክንፍ፣
ከኦሳካ ድረስ በርራ የመጣችው፣
ዜማውን ሳያዛንፉ፣ እንደ ዳዊት በቃላቸው።
ከዚያ በቴፑ ላይ ልጁ፦ «ሽሽሽ!»
ሕዝቡም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፦ «ሽሽሽ!»
አየሩ ለማን እንደተሰጠ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደዳነ፣
በእናትየው ድምፅ ሥር ተቀብሮ ምሥጢር ሆነ።
በዚህ ተጨቃጭቀው የተፋቱ አሉ ይባላል።

ራልፍ ራሱ ከኋላ ይቀመጣል፣ እኔ አጠገብ።
ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ። ካባ አይለብስም።
አንዴ ጠየቅሁት፦ «ሌላ ድምፅ አላት እናትህ?»
«ፎቶ አለ» አለኝ። «ድምፅ ግን ይኸው ነው፤ አራት ሰኮንድ።
እሷ ስትጠራኝ፣ እኔ ዝም ሳሰኛት።»

ዘንድሮ አንድ ተማሪ ከሊድስ መጣ፣
ድምፅን ከድምፅ የሚለይ ፕሮግራም አመጣ።
«ሴትየዋን ላውጣት፤ ከሥሯ ያለው ይሰማል» አለ።
አዳራሹ ዝም አለ።
ሁሉም ዞሮ ራልፍን አየ። ራልፍ ጫማውን አየ።
ኮማንደሩ በምርኩዙ ወለሉን አንዴ መታ፦
«እኔ ያልኩትን ረስቼዋለሁ፤
እሷ ያለችው ግን አይጠፋኝም። ተዋት፣ ትቀመጥ።»
ተማሪው ኮምፒዩተሩን ከደነ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እኔም ቁልፉን ተጫንኩ፣ እንደ ድሮው፣ ከነጭረቱ።
«ራልፍ! እራትህ ቀዘቀዘ!» ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።
ዘወር ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

በኋላ አገኘሁት፣ መመገቢያ ክፍል፣
ግማሹ መብራት ጠፍቶ፣
የምሳው አሣ ሰሃን ላይ ረግቶ፣
ድንቹ እንደ ጣት ደርቆ፣ አተሩ ጠጥሮ፣
ብቻውን ይበላል።
«ላሙቅልህ?» አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ።
እንደቀዘቀዘ፣ አንዲት አተር ሳያስተርፍ፣
ጨረሰው።